ደወሉና ጀፎረው፤ ትምህርት ቤትና በዓል በቸሃ ምድር

የትምህርት ቤት ታሪክ በአገራችን ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከመሠረት ድንጋዩ ነው። ድንጋዩን ማን አኖረው፣ ሕንፃው በስንት ዓመተ ምሕረት ተመረቀ፣ ስንት ክፍል ነበረው፣ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ስንት ነበሩ ተብሎ ይዘረዘርና በዚያው ያበቃል። ይህ ሁሉ መታወቁ መልካም ነው። ነገር ግን ከድንጋዩና ከቆርቆሮው ሥር ሌላ ታሪክ አለ። ትምህርት ቤት ደወል አለው፤ ሰልፍ አለው፤ መዝሙር አለው፤ የሥራውን ቀን ከበዓሉ ቀን የሚለይበት የራሱ የዘመን መቁጠሪያም አለው። አንድ ልጅ ከእናቱ ጓዳ ወጥቶ ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ከፊደሉ አስቀድሞ የሚማረው ይህንኑ የዘመን መቁጠሪያ ነው።

እንግዲህ የትምህርት ቤቱ ቀን መቁጠሪያና የሕዝቡ ቀን መቁጠሪያ ሲገናኙ ምን ይሆናል? አንዱ አንዱን ይሽራልን? ወይስ ተቻችለው ያድራሉ? ጥያቄው በተለይ የሚጠነክረው መምህሩ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ መጽሐፉ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ፣ ተማሪው ግን የአገር ልጅ በሆነበት ትምህርት ቤት ነው። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከሰባት ቤት ጉራጌ አንዱ በሆነው በቸሃ ላይ አድርጎ ለመመርመር ይሞክራል። የቸሃው ታሪክ ብቻውን የቆመ ባለመሆኑ ግን፣ አስቀድመን የውጭ አገር መምህራን ያስተማሩባቸውን የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች በአጭሩ እንመለከታለን።

ሁለት ዘመን መቁጠሪያ

በዘመናዊ ትምህርታችን መነሻ ላይ የውጭ አገር መምህር ቆሞ እናገኘዋለን። በ1900 ዓ.ም. ገደማ በተከፈተው በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በመጀመሪያ ያስተማሩት ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። በ1917 ዓ.ም. የተመረቀው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ትምህርቱን በፈረንሳይኛ ጀመረ፤ ከነፃነት በኋላም አመራሩ ለካናዳ ኢየሱሳውያን ተሰጠ። የፋሺስት ወረራ ካበቃ በኋላ፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ ዓመታት፣ በብሪቲሽ ካውንስል አማካይነት የተቋቋመው የጄኔራል ዊንጌት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና በፈረንሳይ መምህራን የሚመራው ሊሴ ገብረ ማርያም በራቸውን ከፈቱ። ወይዘሮ ክርስቲን ሳንፎርድ በቤታቸው ጥቂት ልጆች ሰብስበው የጀመሩት ትምህርትም እያደገ ሄዶ እስከ ዛሬ በሳንፎርድ ስም የሚጠራውን ትምህርት ቤት አስገኘ። በ1950 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መቀመጫቸውን በአዲስ አበባ ሲያደርጉ፣ በእነዚህ ቅጥር ግቢዎች ውስጥ የሚሰማው የቋንቋ ዓይነት የቀድሞውን አስንቆ በዛ።

በእንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ ያደገ ልጅ ሁለት የዘመን መቁጠሪያ በአንድ ቦርሳ ይዞ ይሄዳል። ልደት ሁለት ጊዜ ይመጣለታል፤ አንዱ ታኅሣሥ 16 ከፈረንጆቹ ጋር፣ ሁለተኛው ታኅሣሥ 29 ከገና ጨዋታ ጋር። አዲስ ዓመቱም እንዲሁ ሁለት ነው። የትምህርት መክፈቻው ግን ለሁለቱም ወገን ተቀራርቦ ይውላል፤ በአውሮፓ ተማሪ ወደ ክፍሉ የሚመለስበት ወር እኛ አደይ አበባ ይዘን እንቁጣጣሽ ከምንልበት ወር ጋር ገጥሟልና። በክፍሉ ውስጥ የፈረንሳይኛ ግሥ ሲረባ፣ የእንግሊዝኛ ድርሰት ሲነበብ ይውላል፤ በዕረፍት ሰዓት ግን ኳሱ የሚመታው፣ ቀልዱ የሚቀለደው፣ ጠቡም የሚጣላው በአማርኛ ነው። መምህሩ ቋንቋውን በጥቁር ሰሌዳው ላይ ያስተምራል፤ ግቢው ደግሞ የራሱን ቋንቋ በሜዳው ላይ ያስተምራል።

እነዚህ ትምህርት ቤቶች ለአገሪቱ ያደረጉት አስተዋፅኦ በቀላሉ የሚገመት አይደለም። ሐኪሙ፣ መሐንዲሱ፣ ዲፕሎማቱ፣ ደራሲውም ከእነርሱ ወጥቷል። ነገር ግን የሴን ወንዝ በየትኛው ከተማ መካከል እንደሚያልፍ ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ የዋቤ ወንዝ ግን ከወዴት ተነሥቶ ወዴት እንደሚወርድ ሰምቶ የማያውቅ ወጣት ከዚያው ግቢ መውጣቱም አልቀረም። ይህን ለመውቀስ አናነሣውም፤ የጥያቄያችንን ክብደት ለማሳየት ያህል ነው።

ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች አንዱ ከጉራጌ ምድር ጋር በደም የተያያዘ ነው። ሊሴው የሚጠራው በደጃዝማች ገብረ ማርያም ጋሪ ስም ነው። ደጃዝማቹ ከራስ ደስታ ዳምጠውና ከደጃዝማች በየነ መርዕድ ጋር በደቡብ ግንባር የተዋጉ አርበኛ ሲሆኑ፣ በየካቲት ወር 1929 ዓ.ም.፣ የአዲስ አበባ ሕዝብ በፋሺስቶች እጅ በተጨፈጨፈበት በዚያው ወር፣ ከቸሃ በስተምሥራቅ በጉራጌ አገር ጎጌቲ ላይ ተሰዉ። ከአሥር ዓመት በኋላ የፈረንሳይ መምህራን በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት ሲከፍቱ በስማቸው ተጠራ። ስሙን ከታሪኩ ጋር አብሮ የሚያውቅ ተማሪ፣ መምህሩ ከየትም ይምጣ፣ በአባቱ ቤት እንደተቀመጠ ይቆጥረዋል። ስሙን ብቻ የሚያውቀው ግን ለብዙ ዓመታት ተምሮበት እንደ እንግዳ ይወጣል። የአንድ ትምህርት ቤት ባለቤት ማን ነው የሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው እዚህ ላይ ነው። አሁን ወደ ቸሃ እንሻገር።

ከደወሉ በፊት

ቸሃ ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ወልቂጤ ከደረስን በኋላ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ታጥፈን የምናገኘው የእንሰት አገር ነው። ዋና ከተማው እምድብር ይባላል። በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ መግቢያ ላይ በዚያ ተቀምጦ ያጠናው ጥቁር አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ ዊልያም ሻክ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ ጉራጌን የእንሰት ባህል ሕዝብ ብሎ ሰይሞታል። ስያሜው ተስማሚ ነው። እንሰት ዛሬ ተተክሎ ነገ የሚበላ ተክል አይደለም። ከቦታ ቦታ እየተዛወረ፣ እየተኮተኮተ፣ ፍግ እየጠጣ ለዓመታት ይጠበቃል። ከእንሰት ጋር ያደገ ሕዝብ ፍሬው ከብዙ ዓመት በኋላ ለሚደርስ ሥራ ትዕግሥት አለው። ልጅን ማስተማርም ከዚያው ወገን የሚቆጠር ሥራ ነው።

በቸሃ መንደሮች መካከል ጀፎረ የሚባል ሰፊ የሣር ጎዳና ያልፋል። ቤቶቹ በግራና በቀኝ ፊታቸውን ወደ እርሱ መልሰው ይሠራሉ፤ ከኋላቸው የእንሰቱ ጓሮ ይከተላል። ጀፎረ የማንም የግል መሬት አይደለም፤ የሁሉም ነው። አጥሩን አስፍቶ ወደ ጀፎረ የሚገፋ ሰው በባህላዊው ሥርዓት ይዳኛል። ከብት ይግጥበታል፤ ሙሽራ ይታጀብበታል፤ ለቅሶ ይቀመጡበታል፤ ሽማግሌ ይፈርድበታል፤ ልጅ ይጫወትበታል። የሰባት ቤት ጉራጌ ሸንጎ በሆነው በየጆካ የሚጸናው ሕግ፣ ቂጫ የሚባለው፣ በየመንደሩ የሚነገረውና የሚሠራበት በእንዲህ ያለው ሜዳ ነው። ልጁም ከብት እየጠበቀ የሽማግሌዎቹን ክርክር ይሰማል፤ ነገር እንዴት እንደሚከፈትና እንዴት እንደሚታሰር፣ ተበዳይ እንዴት እንደሚካስ ያያል። ስለዚህ ደወል ከመምጣቱ በፊት በቸሃ ትምህርት ቤት አልነበረም ማለት ስሕተት ነው። ጣሪያና ደብተር ያልነበረው ትምህርት ቤት ነበር።

የዚህ ትምህርት ቤት ትልቁ በዓል መስቀል ነው። መስቀል በቸሃ የአንድ ቀን በዓል አይደለም። ከዋናው ቀን ቀደም ብሎ ጀምሮ ቀኖቹ እየተከታተሉ፣ እያንዳንዱ ቀን የራሱ ስምና የራሱ ሥራ ይዞ ይመጣል። ዝግጅቱ ደግሞ ዓመት ሙሉ ይፈጃል። እናት ቅቤውን ከወራት በፊት ጀምራ ታጠራቅማለች፤ ቆጮውን አስቀድማ ታዘጋጃለች፤ ሚጥሚጣውን ታስወቅጣለች። አባት ለሰንጋው የሚሆነውን ገንዘብ ከጎረቤቶቹ ጋር በዕቁብ ያጠራቅማል። ልጆች እንጨት ይለቅማሉ፤ ግቢ ይጠርጋሉ። ቤቱ ይለቀለቃል፤ ዕቃው ይታጠባል። በዚህ ሥራ ውስጥ ድርሻ የሌለው የቤተሰብ አባል የለም።

ከሁሉም ይልቅ ለጉዳያችን የሚጠቅመው ደንጌሳት የሚባለው ነው፤ የልጆች እሳት ማለት ነው። አዋቂዎቹ ዋናውን ደመራ ከማብራታቸው በፊት ልጆች የራሳቸውን ደመራ ያበራሉ። እንጨቱን የሰበሰቡት እነርሱ ናቸው፤ እሳቱም የእነርሱ ነው። ሕዝቡ በትልቁ በዓሉ መግቢያ ላይ ለልጆቹ ቦታ ከለቀቀ፣ ልጅን ማክበር ከመጽሐፍ የተማረው ነገር አይደለም ማለት ነው።

ደወሉ በእምድብር

ለአካባቢው ከቀደሙት ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች አንዱ በእምድብር የካቶሊክ ሚሲዮን ዙሪያ የተቋቋመው ነው። ሚሲዮኑን የመሠረቱት የካፑቺን ማኅበር መነኮሳት ከፈረንሳይ አገር የመጡ ነበሩ። ስለዚህ የቸሃ ልጅ የውጭ አገር መምህርን ለማየት አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አላስፈለገውም። ባዕዱ መምህር እስከ እንሰቱ ጓሮ ድረስ መጣለት። ከነፃነት በኋላ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችም ቀስ በቀስ እየተከፈቱ ሄዱ።

በዚያ ዘመን የገጠር ተማሪ ውሎ ምን ይመስል እንደነበር ለማስታወስ ረጅም ምርምር አያሻም፤ ዛሬ ሽበት ያወጡ መምህራን ሁሉ ያውቁታል። ልጁ ገና ጎሕ ሲቀድ ይነሣል። ከብቱን ያወጣል ወይም ውሃ ይቀዳል። ከዚያም ጤዛውን በባዶ እግሩ እየረገጠ በጀፎረው ላይ ይሮጣል። ደወሉ ብዙ ጊዜ ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበር፤ ሲመታ ከኮረብታ ኮረብታ ይሰማል። ሰልፍ ይያዛል፤ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፤ የእጅ ጥፍርና የፀጉር ንጽሕና ይታያል፤ የዘገየ ይቀጣል። በክፍል ውስጥ ጠመኔው እየተሰበረ ተካፍለው ይጽፉበታል፤ አንዱ መጽሐፍ ለብዙ ዓይን ይዘረጋል።

የቸሃ ልጅ ሸክም ግን ከሌላው የሚከብድበት አንድ ነገር ነበረው። በቤቱ የሚናገረው ቸሃኛ ነው፤ ፊደል የሚቆጥርበት አማርኛ ነው፤ ከፍ ሲል የሚጠብቀው ፈረንሳይኛ ወይም እንግሊዝኛ ነው። ከእናቱ ጓዳ እስከ ጥቁር ሰሌዳው ባለው መንገድ ሁለትና ሦስት ቋንቋ ይሻገራል። ይህን ተሻግሮ ያለፈው ብዙ ነው፤ ከዚያው ደፍ ላይ የተመለሰው ግን ከዚያ ይበልጣል። የተመለሰው ሁሉ ሰነፍ ተባለ እንጂ ቋንቋው አልተጠየቀም።

ደወሉና ጀፎረው ፊት ለፊት የሚገናኙት በመስከረም ወር ነው። ትምህርት ቤቱ ከእንቁጣጣሽ በኋላ ይከፈታል፤ ምዝገባው ገና ሳያልቅ መስቀል ይደርሳል። ስም ጠሪው መምህር መዝገቡን ዘርግቶ ሲጣራ፣ ልጁ እንጨት ለቀማ ላይ ነው። በመርካቶ የሚነግደው፣ በሊስትሮ ሥራ የሚተዳደረው፣ በየመሥሪያ ቤቱ ተቀጥሮ የሚያገለግለው ወንድሙ ከዓመት በኋላ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ሳምንት ነው። እስላሙ ጉራጌም በዐረፋ እንዲሁ ወደ አገሩ ይገባል። በዚህ ጊዜ ልጁን በክፍል ውስጥ ለማስቀመጥ የሚችል ደወል የለም።

ለጥብቅ የትምህርት ሹም ይህ ሁሉ የሥራ ቀን ብክነት ነው። ሒሳቡን በቀን ብቻ ለሚቆጥር ሰው እውነት ይመስላል። ነገር ግን ያ ሳምንት ለትምህርት ቤቱ ምን ይዞለት እንደሚመጣ ማየት ያስፈልጋል።

በዓሉ የሠራው መንገድ

የመስቀል ሳምንት በቸሃ የምግብና የጨዋታ ሳምንት ብቻ ሆኖ አያውቅም። ተበታትኖ የከረመው ቤተሰብ በአንድ ጣሪያ ሥር ይገናኛል፤ የተጣላው ይታረቃል፤ የሚዳረው ልጅ ጉዳይ ይመከራል፤ የመሬቱና የዕዳው ነገር ይነሣል። ከዚህም ሁሉ ጋር የመንደሩ ጉድለት ይታያል። ከአዲስ አበባ የመጣው ሰው ጭቃውን ረግጦ፣ ወንዙን ተሻግሮ ነው የገባው። የታመመ ሰው በቃሬዛ ሲወሰድ ያያል፤ የወንድሙ ልጅ ትምህርት ቤት ርቆበት ከብት ሲጠብቅ ያገኘዋል። ከክትፎው ጣባ ዙሪያ የሚነሣው ወሬ ውሎ አድሮ የሥራ ዕቅድ ይሆናል።

በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተመሠረቱት የመንገድ ሥራ ማኅበራት የዚህ መንፈስ ልጆች ናቸው። በምዕራቡ በኩል የጉራጌ የመንገድ ሥራ ድርጅት፣ በምሥራቁ በኩል በቡታጅራ አቅጣጫ የዓለም ገናና የወላሞ መንገድ ሥራ ማኅበር ሲቋቋሙ፣ በአዲስ አበባ የሚኖረው ሠርቶ አደር፣ ነጋዴና መኮንን ከአገር ቤት ገበሬ ጋር ገንዘብ አዋጣ። ከመንግሥት የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ጋር በመተባበርም መኪና ይገባበታል ተብሎ ባልታሰበ አገር መንገድ ተቆረጠ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደተባለው ነው። መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ትምህርት ቤቱና ክሊኒኩ ተከታትለው መጡ፤ መምህሩ በሰዓቱ ደረሰ፤ መጽሐፉ ዝናብ ሳይነካው ገባ። እ.ኤ.አ. በ1969 የተከፈተው የአጣጥ ሆስፒታልም ሕመምተኛው የሚደርስበት መንገድ ያስፈለገው በዚሁ ዘመን ነው። የመንገድ ሥራው ማኅበር በኋላ ሥራውን አስፍቶ በጉራጌ ሕዝብ ራስ አገዝ የልማት ድርጅት ስም ቀጠለ።

እንግዲህ የመስከረም ስም ጠሪ መዝገብ ላይ ቀሪ ተብሎ የተጻፈበት ልጅ፣ ቀሪ የሆነው የራሱ ትምህርት ቤት መንገድ በሚመከርበት ሸንጎ ዙሪያ ለመቀመጥ ነበር ማለት ይቻላል። በዓሉ ከትምህርቱ ጥቂት ቀን ወሰደ፤ በምትኩ ለትምህርቱ ለብዙ ዓመታት የሚሆን ስንቅ ሰጠ። ይህን ልውውጥ ያላስተዋለ የትምህርት ታሪክ ግማሽ ታሪክ ነው።

ልውውጡ ግን ሌላም ፊት አለው። መስቀል ሲያልፍ ወደ ከተማ የሚመለሰው ሰው ብቻውን አይመለስም፤ ንቁ ንቁ የሆነውን ልጅ አስከትሎ ይሄዳል። ልጁ ቀን የሊስትሮ ሣጥን ይዞ ጫማ እየጠረገ ማታ በማታ ትምህርት ቤት ፊደል ይቆጥራል። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎች ትልቅ ደረጃ ደርሰዋል። መንደሩ ግን በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ከጀፎረው ላይ ጥቂት ልጆች ይጎድሉበታል። በዓሉ የሰበሰበውን በዓሉ ራሱ መልሶ ይበትነዋል።

የወላጆች በዓልና የኮሌጅ ቀን

ትምህርት ቤቱም የራሱ በዓል አለው። በሰኔ ወር ፈተናው ሲያልቅ የወላጆች በዓል ይከበራል። ገበሬው ነጠላውን አጣፍቶ፣ እናት ቅቤ ተቀብታ በቅጥሩ ውስጥ በአግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ልጆች ይዘምራሉ፤ የሰውነት ማጎልመሻ ትርኢት ያሳያሉ፤ አጭር ድራማ ይጫወታሉ፤ ደረጃ የወጣላቸው ደብተርና እርሳስ ይሸለማሉ። እኛ የመድረክ ሰዎች ይህን በዓል በንቀት ልናልፈው አይገባም። አብዛኛው የኢትዮጵያ ሕዝብ ቴአትር የሚባለውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በከተማ አዳራሽ ሳይሆን በእንዲህ ያለ የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ፣ በራሱ ልጅ ተዋናይነት ነው።

የትምህርት ቤት በዓል ምን ያህል ኃይል ሊኖረው እንደሚችል ለማየት ወደ ዩኒቨርሲቲው እንመልከት። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በየዓመቱ ይከበር የነበረው የኮሌጅ ቀን ሲጀመር ጨዋታና ጌጥ ያለበት በዓል ነበር። በ1951 ዓ.ም. ገደማ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች በነፃ የትምህርት ዕድል የመጡ ተማሪዎች ከኢትዮጵያውያኑ ጋር አንድ ክፍል ሲቀመጡ፣ የነፃነት ትግሉን ወሬ፣ የድፍረቱንም መንፈስ ይዘው መጡ። እውነተኛ የዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ጥቅሙ ይህ ነው፤ የሌላው አገር ልጅ የራስህን አገር በአዲስ ዓይን እንድታይ ያደርግሃል። በ1953 ዓ.ም. በዚያው በዓል ላይ ታምሩ ፈይሳ ‹ደሃው ይናገራል› የተሰኘውን ግጥሙን ሲያነብ፣ ለጌጥ የተዘጋጀው መድረክ ለሕዝብ ብሶት መናገሪያ ሆነ። ከዚያ ወዲያ የኮሌጅ ቀን የቀድሞው የኮሌጅ ቀን አልሆነም፤ ግጥምም የቀድሞው ግጥም አልሆነም። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ሲወጡ፣ በግጥሙ ውስጥ ሲነገርለት የነበረውን ደሃ በደጃፉ ላይ አገኙት።

ከቸሃ በኩል የተሰማው ድምፅ በሌላ መልክ መጣ። በጉራጌ ምድር ተወልደው ያደጉትና በፈረንሳይና በአሜሪካ የተማሩት አቶ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም፣ ስለ አንድ የጉራጌ መንደርና በዚያ ስለሚያድግ ልጅ የሚተርክ መጽሐፍ በቸሃኛ ጻፉ። የጉራጌ ቋንቋዎች ሊቅ የሆኑት ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመውት እ.ኤ.አ. በ1964 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ታተመ። ነገሩን ልብ ብለን እንመልከተው። ባዕድ ቋንቋ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው፣ ባዕዱን ቋንቋ ከተማረ በኋላ ወደ እናቱ ቋንቋ ተመልሶ ጻፈ። ዓለም ግን መጽሐፉን ያነበበው በእንግሊዝኛ ነው። ቸሃኛው ከአትላንቲክ ማዶ ክብር አገኘ፤ በእምድብር ክፍሎች ውስጥ ግን ገና ከበር ውጭ ቆሞ ነበር።

ያልተከፈለው ዕዳ

ከበር ውጭ መቆሙም በአንድ ትውልድ አላበቃም። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአገራችን ታሪክ ከታዩት የሕዝብ ሥራዎች ሁሉ ታላቅ ከሚባሉት ውስጥ ነው። ሚሊዮኖች ፊደል ቆጠሩ፤ የዓለም ሽልማትም ተገኘበት። ትምህርቱ በመጨረሻ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። ከአጎራባቾቹ ስልጢኛ በዝርዝሩ ውስጥ ሲገባ፣ የሰባት ቤት ጉራጌ ቋንቋ ግን አልገባም። የቸሃ እናት ስሟን ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፈችው በጓዳዋ በማትናገረው ቋንቋ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲማር ከደነገገ በኋላም፣ በጉራጌ አካባቢ ትምህርቱ ለረጅም ጊዜ በአማርኛ ቀጠለ። ለዚህ የተለያየ ምክንያት ይሰጣል፤ የቀበልኛው ብዛት፣ የንግዱ ሕይወት፣ የወላጆቹም ምርጫ። ምክንያቱ ተሰምቶ ዕዳው ግን ዕዳ ሆኖ ይቀራል። በፊደሉ በኩል እንኳ ሰበብ ሊቀርብ አይችልም፤ ለሰባት ቤት ጉራጌ ድምፆች የሚያስፈልጉት ፊደላት እ.ኤ.አ. በ2005 በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደል ሥርዓት ውስጥ ገብተዋል።

ሁለተኛው ዕዳ የሴት ልጅ ነው። እንሰት መፋቅ የሴት ሥራ ነው፤ ሥራው ከባድ፣ ብዙ እጅ የሚጠይቅ ነው። እናት በተቀመጠችበት የመፋቂያ ሰሌዳ አጠገብ ሴት ልጅ ትቀመጣለች፤ ደወሉ ሲደወል ወንድሟ ይሮጣል። ይህ ሕዝብ ግን በየጆካ ሸንጎ ፊት ቆማ ስለ ሴቶች መብት የተከራከረችውን የቃቄ ወርድዎትን ያፈራ ሕዝብ ነው። ታሪኳ በብሔራዊ ቴአትር መድረክ ላይ ቀርቦ በአዲስ አበባ ሰው ተወዷል። በመድረክ ላይ የተጨበጨበላት ሴት በክፍል ውስጥ ወንበር ካላገኘች ጭብጨባው ባዶ ነው።

ዛሬ ከእምድብር ብዙ ሳይርቅ፣ በጉብርየ፣ በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ አለ። በሌላ ክፍለ አገር የተወለደ ወጣት በቸሃ ምድር ይማራል፤ የቸሃም ልጅ ለመማር የግድ ወደ መርካቶ መውረድ አይኖርበትም። የመስቀል በዓልም በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ላይ ተጽፏል። መዝገቡ መልካም ነው። ቅርስ ግን በመዝገብ ላይ ተጽፎ ብቻ አይጠበቅም፤ የሚጠበቀው ልጆች ሲያውቁት፣ ሲሠሩትና ሲመረምሩት ነው።

ስለዚህ ለመምህራንና ለኪነ ጥበብ ሰዎች የሚቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በመስከረም ቀሪ የሆነው ተማሪ ተመልሶ ሲመጣ በአለንጋ ከመቀበል ይልቅ ያየውን እንዲጽፍ ይታዘዝ። ቅቤው እንዴት እንደተጠራቀመ፣ የሰንጋው ዕቁብ ስንት እንደደረሰ፣ ሽማግሌዎቹ ምን ፈርደው እንደታረቁ፣ ከከተማ የመጣው አጎቱ ስለ ምን እንደተናገረ ይመዝግብ። እንዲህ ያለው ደብተር ሒሳብም፣ ሕግም፣ ታሪክም፣ ድርሰትም ነው። ሻክና ሀብተ ማርያም ማርቆስ ተባብረው የጉራጌን የአማልክትና የጀግኖች የቃል ትውፊት እ.ኤ.አ. በ1974 እንዳሳተሙት ሁሉ፣ የአገሩ ተማሪ ከአገሩ ሽማግሌ ሊሰበስበው የሚችለው ገና ብዙ ነው። የሰኔው የወላጆች በዓል ድራማም ከመጽሐፍ ተቀድቶ ከሚመጣ ይልቅ ከጀፎረው ክርክር ይነሣ፤ ቢቻል ወላጆች በሚያስቁበትና በሚያዝኑበት ቋንቋ ይቅረብ። እናት የምትከበርበት የአንትሮሽት በዓልም በትምህርት ቤቱ ቀን መቁጠሪያ ላይ ቦታ ያግኝ።

የአዲስ አበባዎቹ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶችም ከቸሃ የሚማሩት አለ። ከብዙ አገር የመጡ ልጆች በአንድ ሜዳ ላይ ሲሰበሰቡ፣ የየአገራቸውን ልብስና ምግብ በአንድ ቀን አሳይቶ ማሰናበት ቀላል ነው። የሚከብደው እያንዳንዱ በዓል በስተጀርባው ያለውን ሥራ፣ ዕዳና ተስፋ ማሳየት ነው። የመስቀልን ክትፎ ያቀመሰ ትምህርት ቤት የመስቀልን መንገድ ካላስተማረ ግማሹን ሰጥቷል። በደጃዝማች ገብረ ማርያም ስም የሚጠራው ትምህርት ቤት ልጆችም ጎጌቲ ወዴት እንደሆነች ሊያውቁ ይገባል።

ትምህርት ቤት የሕዝብ የሚሆነው የመምህሩ አገር ታይቶ አይደለም። ሕዝቡ ደክሞ ሲሠራለት፣ በዓሉን ይዞ ሲገባበት፣ ቋንቋውም ከበር ውጭ እንዲቆም ሳይገደድ ሲቀር ያን ጊዜ የሕዝብ ይሆናል። ቸሃ የመጀመሪያውን ግዴታ ከስልሳ ዓመት በፊት መንገድ በመቁረጥ ፈጽሟል፤ ሁለተኛውንም በየመስከረሙ ይፈጽማል። የቀረው ሦስተኛው ነው፤ እርሱ ደግሞ በመምህሩና በደራሲው እጅ ነው።